መግቢያው የጋራ፣ መውጫው የጋራ፤ መሃሉ የማን ነው?

የአንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ሕይወት የሚጀምረው በአገር አቀፍ ፈተና ነው። ከሞያሌ እስከ ሁመራ፣ ከአሶሳ እስከ ጅግጅጋ ያለ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በአንድ መመዘኛ ይለካል። መመዘኛው ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መጨረሻውም እንደዚያው ነው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም ተማሪ የመውጫ ፈተና ካላለፈ ዲግሪ የለም። አካውንቲንግ የተማረ ሰው ጅማ ይማር ደብረ ብርሃን፣ ሐዋሳ ይማር ሰመራ፣ የሚቀርብለት ፈተና አንድ ነው።

መንግሥት በመግቢያው ላይ ሁሉንም በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። በመውጫውም ላይ እንደዚሁ። መሃል ላይ ያለው ተማሪ፣ በአንድ ምክንያት ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ለመሄድ ሲገደድ ግን ሚዛኑ ይሰወርና በየበሩ የሚሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፦ “የእነሱ ኮርስ ከእኛ ጋር አይገናኝም።”

እንዴት ነው የማይገናኘው? ይህን ጥያቄ በወጉ የሚመልስ ቢሮ ማግኘት ከባድ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮች ይለዩ። ተማሪን ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላ ማዛወር አንድ ጉዳይ ነው፤ የተማረውን ክሬዲት መቀበል ሌላ ጉዳይ ነው። ዝውውር የዶርም፣ የካፌ፣ የመምህርና የበጀት ጥያቄ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ “አልጋ የለኝም፣ ክፍሌ ሞልቷል” ብሎ ቢመልስ ቢያሳዝንም ምክንያት ነው። “ግባ፣ ግን ሁለት ዓመት የተማርከውን አልቆጥርልህም” ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ይሄኛው አልጋም ሆነ በጀት አያስቆጥብም፤ እንዲያውም ያባክናል። ሁለት ዓመት በመንግሥት ወጪ የተማረን ልጅ እንደገና ሁለት ዓመት ማስተማር ማለት ለአንድ ዳቦ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ጉዳዮች ተቀላቅለው ይነገራሉ፤ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ደግሞ የክሬዲቱ ጉዳይ ሳይነሳ ያልፋል።

ለመሆኑ ማን ነው የሚዘዋወረው? “አዲስ አበባ መማር ስለፈለገ ነው” የሚል ሰው አይጠፋም፤ እንዲህ ያለ ተማሪም አለ። ነገር ግን ያለፉትን ዓመታት ያየ ሰው ይህን ለመናገር ትንሽ ሊያፍር ይገባል። በ2012 ዓ.ም መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግጭት ሲነሳ፣ የሞቱት ሞተው፣ የቀሩት ሻንጣቸውን ይዘው በየመናኸሪያው ሲያድሩ አገር አይቷል። በዓመቱ፣ በጥቅምት 2013፣ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። በመቐለ፣ በአክሱም፣ በአዲግራትና በራያ ዩኒቨርሲቲዎች ሲማሩ የነበሩ የሌላ ክልል ልጆች ወጥተው ወደየቤተሰባቸው ተመለሱ፤ ኋላም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተመደቡ። የተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር የጠየቃቸው የመጀመሪያ ነገር ምን ይሆን? የውጤት ማስረጃ ነው። ማስረጃው ያለው ደግሞ ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠበት ክልል ውስጥ ነው። በትግራይ ውስጥ የቀሩት ተማሪዎች የባሰ ነው የደረሰባቸው፤ ዓመታቱ ራሳቸው ጠፉ። ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲወርድ የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በአማራ ክልል ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በጸጥታው ምክንያት ተማሪ ሳይጠሩ ወራት ቆዩ።

ከጦርነት ውጭም ሰው ይዘዋወራል። የታመመች እናቱን ለማስታመም የሚመለስ አለ። አግብታ፣ ወልዳ፣ ከባሏ የሥራ ቦታ ጋር የምትሄድ አለች። በሥራ ዝውውር ከአዳማ ወደ ባሕር ዳር የሄደ የማታ ተማሪ አለ። ክፍያ ጨምሮበት ከአንዱ የግል ኮሌጅ ወደ ሌላው የሚሄድ አለ። ኮሌጁ ራሱ የተዘጋበትም አለ፤ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የግል ተቋማትን እንደ አዲስ መመዝገብ ከጀመረ ወዲህ የዚህ ዓይነቱ ተማሪ ነገር ይበልጥ ያሳስባል። ኮሌጁ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፤ ከፍሎ፣ ተምሮ፣ ተፈትኖ ያለፈው ተማሪ ግን ምን አጠፋ?

አሁን ወደ መስኮቱ እንምጣ። የሬጅስትራር መስኮት ማለት ነው።

አንዲት የሁለተኛ ዓመት ማኔጅመንት ተማሪ እናስብ። የአራት ሴሜስተር ትምህርት ጨርሳለች፤ ውጤቷም ደህና ነው። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ስትደርስ የመጀመሪያው መልስ “ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይላክልሽ” ይሆናል። እጇ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ ነውና አይበቃም። ወደ ድሮው ግቢ ትመለሳለች፤ እዚያ ደግሞ መጀመሪያ ክሊራንስ ትጨርስ። ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ስፖርት ክፍል፣ ላቦራቶሪ፤ አንድም ቀን ኳስ ነክታ የማታውቅ ልጅ ከስፖርት ክፍል ፊርማ ትለምናለች። ክሊራንስ ጨረሰች ማለት ደግሞ ከድሮው ግቢ ወጣች ማለት ነው። አዲሱ ግን ገና አልተቀበላትም። በዚህ መሃል የማንም ተማሪ አይደለችም።

ትራንስክሪፕቱ ደረሰ እንበል። “እህቴ፣ ይሄ ለዲፓርትመንት ነው፤ ኮርስ አውትላይን ይዘሽ ነይ።” ኮርስ አውትላይን ማለት መምህሩ በሴሜስተሩ መጀመሪያ ያደለው፣ ወይም ቦርድ ላይ ጽፎ ያለፈው፣ ወይም ጭራሽ ያልሰጠው ወረቀት ነው። ከዓመት ተኩል በፊት የተማረችውን ኮርስ አውትላይን ፍለጋ በቴሌግራም የድሮ ጓደኞቿን ትጠይቃለች። የተገኘው ይገኛል። የዲፓርትመንት ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ሲገኝ ደግሞ ኮርሶቹን አንድ በአንድ አይቶ፣ “ይሄን እቀበላለሁ፣ ይሄን አልቀበልም” ይላል። በምን መመዘኛ? በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ደንብ ውስጥ ስለ ዝውውር የሚያወሩ አንቀጾች አሉ፤ በተግባር ግን ውሳኔው በዚያን ቀን በወንበሩ ላይ በተቀመጠው ሰው ልብ ላይ ያርፋል። ኃላፊው ከተቀየረ ውሳኔውም ሊቀየር ይችላል። በጽሑፍ ተሰጥቶ ምክንያቱ የተብራራ የእምቢታ ደብዳቤ ያገኘ ተማሪ ካለ እድለኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ መልሱ በቃል ነው፣ በቃል ለተሰጠ መልስ ደግሞ ይግባኝ የለውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ምዝገባ ያልፋል። የዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ካላንደር ከኮቪድና ከጦርነቱ ወዲህ ተዛንፎ ከርሟል፤ አንዱ ሴሜስተር ሲጀምር ሌላው ፋይናል ይፈትናል። ስለዚህ ልጅቷ ክሬዲቷ ቢቆጠርላት እንኳ የሚቀራት ኮርስ የሚሰጠው በሚቀጥለው ዓመት ሊሆን ይችላል። የአንድ ኮርስ አለመቆጠር አንድ ሴሜስተር ብቻ ሳይሆን አንድ ዓመት የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቅድመ ኮርስ ያለፈ ሰው ብቻ የሚገባበት ኮርስ አለ፣ እርሱም በዓመት አንዴ ብቻ ይሰጣል።

ነገሩን አስቂኝ የሚያደርገው ብዙዎቹ ኮርሶች በእርግጥም አንድ መሆናቸው ነው። በ2012 ዓ.ም የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ ሞጁሎቹ በማዕከል ተዘጋጅተው ነው ለዩኒቨርሲቲዎች የተሠራጩት። ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፤ ተማሪው ስልኩ ላይ ያወረደው ፒዲኤፍ የትም ቢሄድ ያው ነው። ሽፋኑ ሳይቀር አንድ ነው። ከሁለተኛ ዓመት በላይ ያሉትም ካሪኩለሞች ቢሆኑ በአብዛኛው በአገር ደረጃ ተናብበው የተዘጋጁ ናቸው፤ የመውጫ ፈተናውም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነው የሚወጣው። ሎጂክን በዲላ ያለፈ ልጅ በጎንደር እንደገና ሎጂክ ውሰድ ሲባል፣ ኮርሱ ራሱ ስለዚህ ዓይነቱ ክርክር የሚለው ነገር አለው።

ሌላም አለ። ኢትዮጵያ በ2000ዎቹ አጋማሽ ወደ ሞጁላር አሠራር ስትገባ የወሰደችው የክሬዲት ስሌት የአውሮፓውን ነው፤ ተማሪዎች ኢሲቲኤስ የሚሉት። ሦስት ክሬዲት ሰዓት ያለው ኮርስ አምስት ኢሲቲኤስ ተብሎ ሲጻፍ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የዚህ ስም ትርጉም ምን እንደሆነ ልብ ያለ ግን ጥቂት ነው፦ የአውሮፓ የክሬዲት ማስተላለፊያና ማከማቻ ሥርዓት። በ1989 እ.ኤ.አ. በሙከራ ሲጀመር ዋና ዓላማው፣ በኢራስመስ ፕሮግራም ከአገር ወደ አገር የሚሄድ ተማሪ ሲመለስ የተማረው እንዲቆጠርለት ነበር። ማለትም ለዝውውር ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ነው። እዚህ አገር ቁጥሩ መጣ፣ ስሙ መጣ፣ ትራንስክሪፕት ላይ ተጻፈ፤ የተሠራበት ሥራ ግን ቀረ። መኪና ገዝቶ ሬዲዮውን ብቻ እንደማዳመጥ ነው።

በአውሮፓው አሠራር አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፤ ከዚያ የሚቀዳ ካለ ይሄ ነው። ተማሪው ከመሄዱ በፊት ስምምነት ይፈረማል። የትኞቹን ኮርሶች እንደሚወስድ፣ የትኞቹ እንደሚቆጠሩለት፣ ላኪውም ተቀባዩም ተማሪውም ፈርመው ይለያያሉ። ጠቡ ካለ መጀመሪያ ላይ ይለቃል። እዚህ ግን ተማሪው መጀመሪያ ይለቅቃል፣ ከዚያ ይጠይቃል፣ ከዚያ ይጸጸታል።

“ጥራትስ?” ይባላል። ተገቢ ጥያቄ ነውና በቁም ነገር መመለስ አለበት። በአንዳንድ ተቋም ውጤት እንደ ቆሎ ይታደላል፤ ቤተ ሙከራ ሳያይ ኬሚስትሪ ያለፈ አለ። አንድ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ስም ዲግሪ የሚሰጥ እስከሆነ ድረስ የሰጠው ሰው ማን እንደሆነ የማወቅ መብት አለው። የተወሰነ ድርሻ በእኔ ግቢ ተማር ማለቱም፣ ሲ ያላገኘህበትን ኮርስ አልቆጥርም ማለቱም በዓለም ያለ አሠራር ነው። በሐሰተኛ ማስረጃ የተቃጠለ አገር ሬጅስትራር መጠርጠሩም አይገርምም።

ነገር ግን ጥርጣሬ መመርመሪያ ሊኖረው ይገባል። ኮርሱን የተጠራጠረ ዲፓርትመንት ተማሪውን በዚያ ኮርስ ፈትኖ ማየት ይችላል፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሰነዱን የተጠራጠረ ሬጅስትራር ለባልደረባው ደብዳቤ መጻፍ፣ ስልክ መደወል ይችላል፤ ተማሪውን መልእክተኛ አድርጎ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ከማመላለስ ይሻላል። ደግሞስ የመውጫ ፈተናው የቆመው ለምንድን ነው? ደካማውን ተቋም ከጠንካራው፣ የሚያውቀውን ከማያውቀው ይለያል ተብሎ ነው። መንግሥት በመጨረሻው በር ላይ ጠባቂ ካቆመ በኋላ በየመሃሉ በር ላይ ያለ መመሪያ ሌላ ጠባቂ ማቆም ጥራት አይጨምርም።

አንድ የሚያስገርም ንጽጽር ደግሞ አለ። ከህንድ፣ ከቱርክ ወይም ከሱዳን ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው አቻ ግምት የሚያሠራበት ቦታ ያውቃል፤ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋ ይሄዳል፣ ማመልከቻ ያስገባል፣ ይከፍላል፣ መልስ ያገኛል። ከአርባ ምንጭ ወደ ደሴ ለሄደ ግን እንዲህ ያለ መስኮት የለም። በ2014 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ አገሮች አንዱ የሌላውን ትምህርትና ማስረጃ እንዲቀበል የሚያደርገው የተሻሻለው የዩኔስኮ ስምምነት የጸደቀው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ስሙም በዓለም “የአዲስ ኮንቬንሽን” ተብሎ ነው የሚጠራው። በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሥራ ላይ ውሏል። ስሙን ለአህጉር ያበደረች ከተማ፣ ከቦሌ ኮሌጅ ወደ መገናኛ ኮሌጅ የሚሄድ ተማሪ ክሬዲት ይቆጠር አይቆጠር ገና አልወሰነችም።

የግል ኮሌጆቹን ጉዳይ ትንሽ ለየት አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እዚያ ክሬዲት ማለት በቀጥታ ገንዘብ ነው። የሚከፈለው በክሬዲት ሰዓት ነዋ። አንድ ክሬዲት 700 ብር ነው እንበል። ስድስት ባለሦስት ክሬዲት ኮርሶች ያልተቆጠሩለት ተማሪ 12,600 ብር እንደገና ይከፍላል፤ መመዝገቢያው፣ ታክሲው፣ የቀረው የሥራ ሰዓት ሳይጨመር። ኮርሱን “አይቆጠርም” የሚለው አካል ደግሞ ኮርሱን እንደገና የሚሸጠው አካል ራሱ ነው። ይህ የጥቅም ግጭት ካልሆነ የጥቅም ግጭት የሚባል ነገር የለም። ለፍትሐዊነት ያህል የተገላቢጦሹም አለ፤ ተማሪ ለመሳብ ብለው ያመጣኸውን ሁሉ እንቆጥራለን የሚሉ ኮሌጆች አሉ፣ በኋላ ልጁ ለመውጫ ፈተና ሲቀርብ ነው ያልተቆጠረ ነገር እንደነበረ የሚታወቀው። ሁለቱም የሚበቅሉት ደንብ በሌለበት መሬት ላይ ነው።

ከቴክኒክና ሙያ የሚመጡትም አሉ። ሌቭል 4 ጨርሶ፣ ሲኦሲ አልፎ፣ ዓመታት በሙያው ሠርቶ ዲግሪ የሚጀምር የኤሌክትሪክ ባለሙያ መሠረታዊ የኤሌክትሪክ ተከላን እንደማያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ይማራል። አንዳንዴ አስተማሪው ከእርሱ ይጠይቃል።

ጉዳዩ ባሕር ሲሻገር ሌላ መልክ ይይዛል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሚኖር ሐበሻ መሃል ሁለት፣ ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ሳይጨርስ በዲቪ ወይም በቤተሰብ የሄደ ብዙ ነው። ትምህርቱን ልቀጥል ሲል ማስረጃው በግምገማ ድርጅት በኩል እንዲያልፍ ይጠየቃል፤ እነዚህ ድርጅቶች ደግሞ ባብዛኛው ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ካልመጣላቸው አይቀበሉም። ጎረቤት ወይም እህት ውክልና ይዛ ሬጅስትራር ትሄዳለች። እዚያ የሚጠብቃት ጥያቄ የወጪ መጋራት ነው። ዕዳው ካልተከፈለ ኦፊሻል ሰነድ አይወጣም። ዕዳ መከፈል አለበት፤ ይሄ አያከራክርም። ግን ዕዳውን ለመክፈል የሚያስችለውን ሥራ የሚያስገኘውን ወረቀት ይዞ “መጀመሪያ ክፈል” ማለት ተበዳሪን መሣሪያውን ነጥቆ ሠርተህ አምጣ እንደማለት ነው። አሜሪካኖቹም ይሄንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። ካሊፎርኒያ በ2020 ኮሌጆች ለዕዳ ማስያዣ ትራንስክሪፕት እንዳይይዙ በሕግ ከለከለች፤ በ2024 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ይህን አሠራር የሚገድብ ደንብ ሥራ ላይ አዋለ። ስንቱ ሰው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ብሎ በሃያ ስምንት ዓመቱ ከዜሮ ጀምሯል።

አሜሪካን የገነት ምሳሌ ማድረግ ግን ስህተት ነው። የአገሪቱ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 የተዘዋወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ለትርፍ ከሚሠሩ የግል ኮሌጆች ወደ መንግሥት ኮሌጅ የሄዱት ደግሞ 94 በመቶውን። ዲግሪው በዶላር በሚገዛበት አገር ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም። ልዩነቱ ያለው ቁጥሩ ላይ አይደለም፤ ቁጥሩ መኖሩ ላይ ነው። ቆጠሩት፣ አሳፈራቸው፣ ግዛቶቹም በየፊናቸው መላ ፈለጉ። ፍሎሪዳ የመንግሥት ኮሌጆቿን ኮርሶች በአንድ የጋራ መለያ ቁጥር ካደረገች አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ቁጥሩ አንድ የሆነ ኮርስ ያለ ክርክር ይቆጠራል። ቨርጂኒያ ውስጥ በኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚጀምር ተማሪ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠርለት ከመጀመሪያው ቀን የሚያውቅበት የጋራ ፕሮግራም በ2018 ተጀምሯል። ከኡበር ሥራ ወጥቶ ማታ ማታ የሚማረው ሐበሻ ይህን መንገድ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በኢትዮጵያስ ስንት ክሬዲት በየዓመቱ ይጠፋል? ይህን ቆጥሮ በየዓመቱ የሚያሳትም ቢሮ ቢኖር ክርክሩ በግማሽ ባጠረ ነበር።

ጉዳዩ አሁን መነሳት ያለበት ለሌላም ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ በራሱ የመግቢያ ፈተናም ተማሪ መቀበል ጀምሯል። ሌሎችም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎቹ የምርምር፣ የአፕላይድ ሳይንስና ኮምፕሪሄንሲቭ ተብለው ተለይተዋል። በመርህ ደረጃ መልካም ነው፤ አርባ ምናምን ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓይነት ልብስ መልበስ የለበትም። ግን ካሪኩለሙ አንድ ሆኖ ሳለ “አይገናኝም” የሚል ሬጅስትራር፣ በእርግጥ መለያየት ሲጀምር ምን ሊል ነው? የክሬዲት ቅብብል ደንብ መጻፍ ያለበት ሁሉም አንድ ዓይነት እያለ ነው። በኋላ እያንዳንዱ የየራሱን አጥር ካጠረ ወዲያ በር ለማስከፈት መለመን ነው የሚሆነው።

ደንቡ ውስብስብ መሆን የለበትም። የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች፣ ሲና ከዚያ በላይ ከተገኘባቸው፣ ፈቃድ ካለው ከየትኛውም ተቋም ያለ ጥያቄ ይቆጠሩ፤ ይህ ብቻውን ለብዙ ሺህ ተማሪ አንድ ዓመት ይመልሳል፣ አንድ ብርም አያስወጣም፣ የሚያስፈልገው አንድ ደብዳቤ ነው። ለዲፓርትመንት ኮርሶች ትምህርት ሚኒስቴር የኮርሶችን አቻነት ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ያስቀምጥ። ሠንጠረዡ ላይ የሌለ ኮርስ ሲመጣ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ በተወሰነ ቀን ውስጥ፣ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ይመልስ፤ መልሱም ተማሪው ክሊራንስ ሳይጨርስ በፊት ይምጣ። አንዱ ጋ 2 ክሬዲት ሌላው ጋ 3 ክሬዲት በሆነ ኮርስ የጎደለችውን አንዷን ክሬዲት በንባብና በፈተና ማሟላት እየተቻለ ኮርሱን በሙሉ ማስደገም ይቅር። ለዝውውር የሚሆን ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር ይሂድ፤ የወጪ መጋራቱ ዕዳ ከተማሪው ጋር አብሮ ይዛወር እንጂ ሰነዱን አያግት። ፋይዳ ቁጥር ባለበት ዘመን ዕዳን ከሰው ጋር ማገናኘት የሚከብድ ነገር አይደለም። ተቋም ሲዘጋ ደግሞ ፈቃዱን የነጠቀው ባለሥልጣን የተማሪዎቹን መዝገብ ተረክቦ ወዴት እንደሚሄዱ ሳያመቻች በሩን አያሽግ።

ይህ እስኪሆን ተማሪው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ዛሬ ግቢ ውስጥ ያለህ፣ የመዘዋወር ሐሳብ ባይኖርህም፣ የእያንዳንዱን ኮርስ አውትላይን ፎቶ አንስተህ አስቀምጥ፤ መምህሩ ካልሰጠህ ከዲፓርትመንቱ ጠይቅ። በየሴሜስተሩ ስቱደንት ኮፒ አውጣ። ከግቢ መውጣት ግድ የሆነብሽ ደግሞ፣ በሕመምም ይሁን በጸጥታ፣ ዊዝድሮዋል ሳትሞዪ አትውጪ። ብዙ ልጅ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ያልተፈተነባቸው ኮርሶች ኤንጂ ሆነው ቆይተው ወደ ኤፍ ይለወጣሉ፣ ከዓመት በኋላ ሲመለስ በውጤት የተባረረ ተማሪ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል። መሄድ የማይቀር ከሆነም ከተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የሚቆጠሩት ኮርሶች ዝርዝር ማኅተም ተመትቶበት እጅ ሳይገባ ክሊራንስ አይጀመር። በቃል “ችግር የለም” ያለ ሰው በሚቀጥለው ወር ሌላ ቢሮ ተዛውሮ ሊገኝ ይችላል፤ የእርሱ የሥራ ዘመን ግን ያለ ምንም ክርክር ይቆጠርለታል።